ሰይድ ያልጠራን ቀን

መከባበር ሰው አያድንም። ይህን የምለው ክርክር ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ ክርክር እንደምወድ ግን አልክድም። «ተከባብረን የኖርን ሕዝብ ነን» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ መከራከር ያምረኛል። ከመከባበር ብዛት ሰው ሲሞት ስላየሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ስብሰባ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ በየፊታችን የታሸገ ውኃ ተቀምጧል። ክራባቱ ትንሽ የጠበቀው አንድ ወጣት ማይክራፎኑን ይዞ፣ በአካባቢያችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ሃይማኖት አክብሮ ለዘመናት እንዴት እንደኖረ አብራራልን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጅ ከጎረቤቱ እጅ ይማራል። ግን በጭብጨባው መሀል ከብዙ ዓመት በፊት ከአጥር ማዶ ይመጣ የነበረ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ የዚያ ድምፅ መጥፋት ተሰማኝ። አየር ልቀበል ብዬ ወጣሁ። ውጭ የመስከረም ካፊያ ነበር። ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ይከንፋሉ፤ በመንገዱ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል። የሽታው ነገር ጭራሽ አባሰብኝ፤ ያን ቀንም እሸት ይጠበስ ነበርና።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ከጅጋ ወደ ውስጥ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምታስኬድ መንደር ተመደብኩ። ፍራሽ፣ የላምባ ምድጃና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። መጻሕፍቱ አብዛኞቹ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የሚያወሩ ነበሩ፤ በክረምቱ አይጥ በላቸው።

የተከራየሁት እትዬ ተዋቡ ከሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ጓሮ ነው። እትዬ ተዋቡ በመንደሩ የሚታወቁት በጠብ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የተጣሉት አጥር ከሚጋራቸው ከሰይድ ጋር ነው። ሰይድ የመንደሩ ባለሱቅ ነበር፤ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ ይሸጣል። በመንደሩ ያለው የሙስሊም ቤት የእሱ ብቻ ነው፤ አባቱ ከቡሬ መጥተው እዚያው ነግደው እዚያው ተቀብረዋል። የጠቡ መነሻ ፍየል ነው። የሰይድ ፍየሎች አጥር እየጣሱ የእትዬ ተዋቡን በርበሬ ይበላሉ። «ሰውየው በሱቁ ይነግዳል፣ ፍየሎቹ በኔ ጓሮ ይነግዳሉ» ይላሉ እሳቸው፣ ሰይድ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ከእሳቸው በቀር መንደሩ በሙሉ ሰይድን ያከብረው ነበር። ሰርግ ሲኖር ለሰይድ ቤት በግ በሕይወቱ ይላካል፤ ራሱ እንዲያርድ፣ በራሱ ድስት እንዲሠራ። ሰይድም ለኢድ እንደዚያው ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ በግ ከነነፍሱ ይልካል። አንዱ የሌላውን ጾም ያውቃል፤ ሱቁ ሲዘጋ ሶላት መሆኑን ያውቃሉ፣ እሱም የበዓላቱን ቀን ከአንዳንድ ዲያቆን ይበልጥ ያውቃል። ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አንዱም የሌላውን ጓዳ አያውቅም። በሁለቱም ዓይነት ቤት እግራቸው የገባው በጎቹ ብቻ ነበሩ።

የግሸን ማርያም ዕለት ነው። የሰይድ ሚስት ዘሀራ ምጥ የጀመራት ከዋዜማው ማታ ነበር። የፊተኞቹን ልጆቿን ስትወልድ እናቷ ከቡሬ እየመጡ ነበር የሚያዋልዷት፤ ዘንድሮ ግን እናቷ ታመው ተኝተዋል። ጠዋት ስነሳ ድምፅዋ በአጥሩ አልፎ ክፍሌ ድረስ ይሰማል። ቅዳሴ ወጣ፤ ድምፁ አለ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ ድምፁ አለ፣ ግን መልኩን ለውጧል። መጀመሪያ ጩኸት ነበር፣ በኋላ እንደ ሙግት፣ በኋላ ደግሞ አንድን ሰው እንደመለመን ሆነ።

የአገሩ ልማድ፣ ሴት ስታምጥ ማንም አይጠራም። መጥራት አያስፈልግማ። ሴቶቹ ይሰማሉ፣ ቤቱን ይሞሉታል፣ «ማርያም! ማርያም!» እያሉ አብረዋት ያምጣሉ፤ ወንዶቹ ደጅ ተቀምጠው ቃሬዛ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠብቃሉ። ያን ቀን በሰይድ ደጅ ማንም አልነበረም። ወንዶቹ ከሱቁ ማዶ ባለው ቤት የማርያምን ማኅበር እየጠጡ ነበር። ድምፅዋ እዚያ ድረስ እንደሚሰማ ያወቅሁት ስገባ ነው፤ በየመሀሉ ሁሉም ዝም እያለ ወደ በሩ ይመለከታል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ አያ ደርሶ የሚባሉ ጨዋ ገበሬ ናቸው። ከጎናቸው ተንበረከክሁ።

«አያ ደርሶ፣ የሰይድ ባለቤት ምጥ ጠንቶባታል።»

«ሰምተናል መምህር፣ ጆሮ አለን። እመቤቴ ታቅልልላት።»

«ታዲያ ለምን አንሄድም?»

«ጠራን?»

«አልጠራም፤ ግን...»

«ሳንጠራ? የእስላም ቤት፣ ሴት እያማጠች? የነሱ ሥርዓት ጥብቅ ነው ልጄ። ሴታቸውን ባዕድ ወንድ አያያትም። ሰተት ብለን ብንገባ ሃይማኖቴን ደፈራችሁ ቢለን ምን እንመልሳለን? እሱ ይጥራን እንጂ፣ በደረታችን እንሄዳለን።»

«ሴቶቹስ?»

ከጥግ አንዱ መለሰልኝ፤ «ሴቶቹ ገብተው ምን ይበሉ? ማርያም ማርያም ሳይባል ምጥ ይያዛል? ቢሉስ በሰው ቤት ሃይማኖት ማስገባት አይሆንም?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በቅንነት ተጨንቀዋል። ጠላው ፊታቸው ቀርቦ ብዙዎቹ አልነኩትም።

ወደ ሰይድ ሮጥሁ። በደጁ ደፍ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይዟል፤ ግን አይቆጥርም፣ ዝም ብሎ ጨብጦታል። ፊቱ ላብ በላብ ነው።

«ሰይድ፣ ሰው ጥራ እንጂ!»

«ማንን ልጥራ? ዛሬ ማርያማቸው ናት።»

«ብትሆንስ?»

«አንተ የከተማ ልጅ ነህ፣ አይገባህም። ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው። በበዓላቸው ሸክም አሸክሜያቸው ነገ በረዶ ቢወርድ፣ በረዶውን ማን አመጣው ይባላል?»

በዚያ አገር በዓል ከተሻረ በረዶ ይወርዳል ይባላል፤ በረዶ ደግሞ የሻረውን ሰው ማሳ መርጦ አይመታም።

«እንዲህ አይሉህም» አልኩት።

«ብጠራቸው እምቢ አይሉኝም፣ ይሉኝታ አላቸው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ወድደው ይምጡ እንጂ አፍረው እንዳይመጡ።»

ከውስጥ ዘሀራ ጮኸች። ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ፣ አልተነሳም።

ተመልሼ ሄጄ በረዶውን ለማኅበሩ ነገርኩ። አያ ደርሶ ጽዋቸውን አስቀመጡ። «እንዲህ አለ?» አሉ። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ውሸት ነው ያለ ግን አልነበረም። አምና በረዶ ሲወርድ በበዓል ቀን እንጨት የፈለጠ የገዛ ዘመዳቸውን ወራት ሙሉ ሰላም ሳይሉት ከርመዋል።

«ሰው ማዳን በዓል አይሽርም በለው» አሉኝ በመጨረሻ።

ሄጄ አልኩት። «እሳቸው ናቸው ያሉት ወይስ ሁሉም?» አለኝ። ተመልሼ ጠየቅሁ። ሁሉም ብለናል አሉ። «እንግዲያ መጥቶ ይጥራና!» ጨመሩ። ከሱቁ እስከ ማኅበሩ ቤት ያለው ጭቃ ላይ የእኔ እግር ብቻ መንገድ ሠራ። በሁለት መንግሥታት መካከል የተላከ መልእክተኛ መሰልሁ፤ ሁለቱም መንግሥታት እጅግ ጨዋ፣ አንዱም ወታደር የማያንቀሳቅስ። ሰይድ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «እሺ፣ ፊታቸው ቆሜ ልለምን» ብሎ ተነሳ፤ ጫማውን ፈለገ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «በረዶ ቢወርድስ?» አለ።

በዚያ ቅጽበት ድምፁ ቆመ።

ድምፅ ሲጠፋ ይሰማል ቢሉኝ ያን ጊዜ አላምንም ነበር። ማኅበሩ ቤት ጸጥ አለ። አጥሩን አሻግሬ ሳይ እትዬ ተዋቡ ከእሳቱ ዳር የሚጠብሱትን በቆሎ ይዘው እንደተቀመጡ አንገታቸውን ቀና አድርገዋል።

«ዝም አለች?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከመቼ?»

«አሁን።»

በቆሎውን ወረወሩት። በበር አልዞሩም፤ ፍየሎቹ በሚያልፉበት ቀዳዳ አጎንብሰው ገቡ። ቀሚሳቸው እሾህ ያዘው፣ ቀደዱት። ሰይድን በደፉ ላይ እንዳገኙት በጉልበታቸው ገፍተው፣ «ዘወር በል፣ አንተ ደግሞ እዚህ እንደ ሚዛን ተጎልተህ!» ብለውት አለፉ። ከዚያ ከውስጥ የመጣውን እስከ ዛሬ አልረሳም፤

«አንች! አንች ልጅ! ዓይንሽን ግለጭ! እንዲህ ነው አመሉ፣ ፍየሉም ባለቤቱም ሰው ሳይጠሩ ነገር ማበላሸት! እኔ የኔን እጠራለሁ፣ አንች ያንችን ጥሪ፤ ከሁለት አንዱ መስማቱ አይቀርም! ማርያም! ማርያም! ጥሪ እንጂ!»

ቀጭን፣ ከጉድጓድ የወጣ የሚመስል ድምፅ «ያ ረቢ» ሲል ሰማን። ሰይድ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳርፎ አለቀሰ።

እትዬ ተዋቡ ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። «የልጁ እጅ ነው ቀድሞ የወጣው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይኼ የሐኪም ነው። ዛሬውኑ ካልደረሰች ሁለቱም የሉም።» ከዚያ ቀስታቸው አለቀ። ሴት ዘው ብላ ወደማትገባበት ወደ ወንዶቹ ማኅበር ገብተው መሀል ቆሙ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ሰይድ አልጠራንም» አሉ አያ ደርሶ።

«የሚወልደው ሰይድ ነው እንዴ?»

አያ ደርሶ ጽዋቸውን ወደ ጎን ገፉ።

«ማርያም ማርያም ስትሉ የዋላችሁት ለጠላው ነው? ተነሡ! ሃይማኖቱን ከነካን እኔን ይክሰሰኝ። እኔና እሱ እንደሁ ድሮም ተካሰናል።»

ቤቱ ባንዴ ባዶ ሆነ። ያን ያህል ሰው ያን ያህል ፈጥኖ ሲወጣ ሳይ የገባኝ፣ ቀኑን ሙሉ እግራቸው ተነስቶ አእምሯቸው ይዟቸው እንደዋለ ነው። የጠፍር አልጋ ወጣ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጎንና በጎን ታሰረበት። ዘሀራን ሲያወጧት አያ ደርሶ ፊታቸውን አዙረው ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡ። እትዬ ተዋቡ አለበሷት።

የመስከረም መንገድ ታውቁት እንደሆነ፣ መንገድ አይደለም። አደይ አበባው በግራና በቀኝ ያምራል፣ መሀሉ ጭቃ እግር ይነክሳል። አራት አራት ሆነን እየተቀባበልን ሮጥን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ሲያገኙን ከመጡበት ይመለሱና ትከሻቸውን ያስገባሉ፤ «ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ትከሻ ከገባ በኋላ ነው። ስሟ ሲነገረው ትከሻውን ያወጣ ሰው አላየሁም። ከኋላ አንዱ እያለከለከ፣ «ሰይድ፣ ሚስትህ ከጨው ጆንያህ ትከብዳለች፤ ሚዛንህ ነው የሚዋሸው መሰል!» አለ። ሰይድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሩ ፊት ለፊት ተሸክሞ ይሮጣል። ሳቀ ወይም አለቀሰ፣ ከጀርባው አልለየሁትም።

ወንዙ ሞልቶ ነበር። አልጋውን ከራሳችን በላይ አንሥተን ገባን። መሀል ላይ ውኃው ደረታችን ሲደርስ አያ ደርሶ ተንሸራተቱ፤ አልጋው ወደ ግራ አዘነበለ። እትዬ ተዋቡ ከዳር ጮኹ። አያ ደርሶ ውኃ እየተፉ ተነሡ፣ ትከሻቸውን መልሰው አስገቡ፣ «አለች?» አሉ። «አለች» አላቸው ሰይድ።

ጅጋ ላይ ድንች የጫነ አይሱዙ አገኘን። ሹፌሩ ጭነት ላይ ሰው አልጭንም ብሎ ጀመረ፤ ሲጨርስ እትዬ ተዋቡ ጆንያዎቹ ላይ ወጥተው ዘሀራን ከላይ እየተቀበሏት ነበር። እየተነጫነጨ ነዳ፤ ግን በየጉድጓዱ እየቀነሰ ነዳ።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደረስነው ሲመሽ ነው። ወዲያው ወሰዷት። ኮሪደሩ ላይ ጭቃችን እየደረቀ ቆመን ጠበቅን። አንድ ወጣት ሐኪም ወጥቶ ጓንቱን እያወለቀ እናትየው ትተርፋለች አለ። ሁላችንም ተነፈስን። ልጁን ግን፣ ወንድ ነበር፣ ሊያተርፈው አልቻለም። «ጠዋት ብትደርሱ ኖሮ» አለ። ክፉ አልተናገረም፣ የሆነውን ነው ያለው።

ሰይድና አያ ደርሶ ተያዩ። ሁለቱም ጠዋት የት እንደነበሩ ያውቃሉ።

«በዓላችሁ ነበር» አለ ሰይድ፣ ቀስ ብሎ።

«ቤትህ ነበር» አሉ አያ ደርሶ።

እትዬ ተዋቡ ከዘሀራ ጋር ቀሩ፤ የከተማ ዘመዶቼ ቤት ገንፎ አሠርቼ ወሰድሁላቸው። በማግሥቱ ሰይድ ሕፃኑን ጠቅልሎ ወደ መንደር ሲመለስ እኔም አብሬው ነበርኩ። አባቱ የተቀበሩበት ሾላ ሥር ስንደርስ ማኅበርተኛው በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ ቆሟል። ማንም አልጠራቸውም። መቃብሩንም ቆፍረው ጨርሰዋል። ሰይድ ጉድጓዱን አየ፤ ሕፃኑን ግን ከእጁ አላወረደም።

«ምነው?» አሉ አያ ደርሶ።

የትናንቱ ሰይድ ቢሆን ኖሮ አመስግኖ ይቀብር ነበር። «እንዲህ አይደለም» አለ። «የኛ መቃብር በጎኑ ተቦርቡሮ፣ ሬሳው እዚያ ነው የሚገባው።»

«አይ ሰይድ! ታዲያ ከመጀመሪያው አትናገርም?» አሉ አያ ደርሶ፣ ቁጣና ኀፍረት በተቀላቀለበት ድምፅ። ጋቢ የለበሱ መስሏቸው ሊያወልቁት እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ ጋቢው ሆስፒታል ነው። ዘለው ገቡና ጎኑን ይቦረቡሩ ጀመር፤ ሰይድ ከላይ ሆኖ «ወደዚህ ጥልቅ፣ እዚያ ይበቃል» እያለ ያዝዛቸዋል። በኖርሁበት ዘመን ሁሉ በዚያ መንደር ሙስሊም ክርስቲያንን ሲያዝዝ፣ ከእትዬ ተዋቡ ሌላ ክርስቲያንም ሲነጫነጭበት ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ለመነጫነጭ እንኳን አልተቀራረቡም።

በጥቅምት መጀመሪያ በረዶ ወረደ። የብዙ ሰው ጤፍ ተኛ፣ የእትዬ ተዋቡ በርበሬ ከነቅጠሉ አለቀ። የሰይድን ስም ያነሳ አልነበረም። እትዬ ተዋቡ ግን በርበሬዬን የጨረሱት ፍየሎቹ ናቸው ብለው እስከ ፋሲካ ተሟገቱ።

አሁን ጎልማሳ ነኝ፤ ከአይጥ የተረፉትንም ያልተረፉትንም ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ሰውን ከሰው የሚያጋጨው ጥላቻ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በዘመናችን ጥላቻ ምን እንደሚሠራ ማንም አይነግረንም፣ አይተናል። ግን ጥላቻ ቢያንስ ይታወቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ፣ ያ ሌላው ነው፤ ጥሩ ልብሱን ለብሶ በሩቁ የሚቆመው፣ «የነሱን ሥርዓት አናውቅም» የሚለው፣ እጁን አጣጥፎ በጨዋነት የሚጠብቀው። ዘሀራን ያዳነቻት እሷን አክብራ የማታውቅ ሴት ናት። ወድዳትም አይመስለኝም፤ ዝምታውን መቻል ስላቃታት ብቻ ገባች። የሞተው ልጅ ደግሞ የሞተው ማንም ጠላት ሳይኖረው፣ ሁሉም ለእሱ እየጸለየ ነው። ቢኖር ኖሮ ዛሬ እኔ ያኔ ከነበርኩበት ዕድሜ ያልፍ ነበር።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ይህን ጽሑፍ ወደድኸው አልወደድኸው ግድ የለኝም፤ አትመርቀኝ፣ ለሰውም አታንብብልኝ። አንድ ነገር አድርግልኝ። ሥርዓቱን ስለማታውቅ እስከ ዛሬ ደጁን ያልረገጥኸው አንድ ቤት በሠፈርህ አለ፤ የትኛው እንደሆነ አሁን ይህን ስታነብ አውቀኸዋል። ተነሥ፣ ሂድ፣ አንኳኳ። ተሳስተህ ከገባህም ይቆጡህ።